አማቷ ምን አሉ?

ድንገተኛ የወሊድ አደጋን በተረክ ስለ ማስተማር፤ ለአዋላጅ ነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሰልጣኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ሌሎቹ የወሊድ አደጋዎች ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ። ምጥ የጠናባት ሴት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ልትቆይ ትችላለች። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንም ቀናት ይወስዳል። መድማት ግን ፋታ የለውም። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ደግሞ አጠገቧ ያለነው እኛ አይደለንም። ያሉት አማቷ ናቸው፣ እናቷ፣ ጎረቤቶቿ፣ የልምድ አዋላጇ፣ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ባሏ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ እነሱ ነው። ስለ ማህፀን መኮማተር፣ ማህፀንን ስለሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ የእርግዝና መንቀጥቀጥን ስለሚያቆመው ማግኒዥየም ሰልፌት በደንብ ተምራችኋል። ቀበሌ ስትገቡ ግን ቀድሞ የሚጠብቃችሁ ስለ ወሊድ ሰው የሚያወራው ወሬ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ወሬ። እሱን ካላወቃችሁ የተማራችሁት መድኃኒት ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የት እንዳለን በአጭሩ ልንገራችሁ። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ለተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። ለዚህ ለውጥ ብዙውን ድካም የደከሙት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ጎጥ ለጎጥ በእግራቸው የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ያም ሆኖ በ2019 እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች የወለዱት ቤታቸው ነው። ጤና ጣቢያ ወልዳ የተመለሰችውም ብትሆን ቤቷ ከገባች በኋላ ልትደማ ትችላለች። ስለዚህ ቤቱን ትተን ስለ ተቋሙ ብቻ ማውራት አንችልም።

ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጥናት እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት በሦስት ከፍሎ አሳይቷል። አንደኛው ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን የሚባክነው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚባክነው፣ ሦስተኛው ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ የሚባክነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚፈቱት መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ደም ባንክና ባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያው ግን የሚፈጸመው ቤት ውስጥ፣ በሰዎች ንግግር መካከል ነው። አንዱ “ትንሽ እንጠብቅ” ይላል፣ ሌላው “ባሏ ይምጣ” ይላል፣ ሦስተኛዋ “እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር” ትላለች። ንግግር ያባከነውን ጊዜ የሚመልሰው ሌላ ንግግር ነው፤ እኔ ተረክን የምወደውም ለዚህ ነው።

“እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር” የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ አካባቢ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ቆሻሻ ደም ነው፣ መውጣት አለበት፣ ከቀረ ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። “ይውጣላት” ይባላል። ይህን የሚሉት እናት ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሞኝም አይደሉም። ስድስት ሰባት ወልደዋል። አንዴ ወይም ሁለቴ ብዙ ደም ፈስሷቸው ቆሞላቸዋል፣ ይኸው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። የሚያወሩት በገዛ አካላቸው ያዩትን ነው። ችግሩ እዚያ ቤት ውስጥ ስለ መድማት የሚያወሩት ሁሉ የተረፉት መሆናቸው ነው። ያልተረፈችው አታወራም። የእሷ ታሪክ “ጊዜዋ ደርሶ ነው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘግቶ ተቀብሯል። እና እኛ ከዚህ ሁሉ የሕይወት ልምድ ፊት አንድ ፖስተር ይዘን እንቀርባለን፤ ሥዕል፣ ቀስት፣ “የአደጋ ምልክቶች” የሚል ርዕስ። ፖስተሩ አይችላቸውም። የአንድ ሰውን ታሪክ የሚመልሰው የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ገና አልወለዳችሁም፣ ወንዶችም አላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ ሰባት በወለዱ እናቶች ፊት ቆማችሁ ስለ ምጥ ስታስረዱ፣ እነሱ በትሕትና ያዳምጧችኋል፤ በልባቸው ግን “ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች” የሚለውን እያሰቡ ነው። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማስተማር አትጀምሩ፤ መጠየቅ ጀምሩ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ያዘጋጀው፣ ቤት ውስጥ ሕይወት የማዳን ክህሎት የሚባል ሥልጠና አለ። ሥልጠናው በሕንድና በእኛው አገር ተሞክሯል፤ እዚህ የተሞከረው በኦሮሚያ፣ በጉጂ ምድር፣ ሊበን ወረዳ ውስጥ ነው። እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አሠልጣኙ መጀመሪያ ያንን አደጋ የሚያውቅ ሰው ያየውን እንዲተርክ ይጠይቃል። ቀጥሎ “እናንተ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። የባለሙያው እውቀት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይነጋገሩበታል፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፣ የተስማሙበትን በእጃቸው ይለማመዱታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ድርጊቱን በሥዕል ብቻ የሚያሳይ ካርድ አለ። የስብሰባው ተጋባዥ እርጉዟ ብቻ አይደለችም፤ ባሏም፣ አማቷም፣ የልምድ አዋላጇም ናቸው፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ቀን ነው እንበል። ቡና ቀርቧል። “በዚህ ጎጥ ስትወልድ ደም የበዛባት ሴት ታውቃላችሁ?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዝምታ ይሆናል። ዝምታውን አትቸኩሉበት፤ ሰልጣኝ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ አንድ ደቂቃ ዝም ከተባለ ፍሊፕ ቻርቱን ይገልጣል። ቆዩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው “የእህቴ ልጅ” ብለው ይጀምራሉ። የሚጀምሩት ግን ከመጨረሻው ነው፤ “ሞተችብን”። የእናንተ ሥራ ወደ ኋላ መመለስና በሰዓቱ ውስጥ አብሮ መሄድ ነው። ልጁ ሲወለድ ቤት ውስጥ ማን ነበር? ደሙን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? አማቷ ምን አሉ? ከዚያስ? ባሏ የት ነበር? ማን ተላከበት? ፀሐይዋ የት ደርሳ ነበር? ቃሬዛውን ማን አመጣው?

በዚህ አጠያየቅ ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይወጣል፤ እኔ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ልጁ ተወለደ፣ እልል ተባለ፣ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሕፃኑ ዞሩ። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ትጠቀልላለች፣ ሌሎቹ ገንፎ ሊያገነፉ እሳት ዳር ሄዱ። እናቲቱ ጨለም ባለው ጥግ ጋቢ ተደርቦላት ተኝታለች። “ውኃ” አለች፣ ሰጧት። ደግማ “ውኃ” አለች። “ደክሟታል” ተባለ። ገንፎው ሲቀርብ አልመለሰችም። ጋቢው ሲገለጥ መደቡ ደም ነው። ይህ ሲተረክ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ያያል፤ እያንዳንዷ ገንፎ ያገነፋች ናትና። “ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት እናትን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል” የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ግን ቤት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያው ታሪክ እንደገና ይተረካል፣ አሁን ግን ሌላ መጨረሻ ይዞ። ስሟን ዓለሜ እንበላት። ዓለሜ ወለደች፣ እልል ተባለ፣ ሴቶቹ ወደ ሕፃኑ ዞሩ። አማቷ ግን አልዞሩም። ጋቢውን ገልጠው አዩ። ደሙ አልወደዳቸውም። እጃቸውን ከእምብርቷ በታች አድርገው ሲነኩት ማህፀኑ እንደ ቡኮ ልል ነው፤ እስኪጠጥር ድረስ አሹት። ሽንቷን እንድትሸና ደገፏት። ሕፃኑን ከታቀፈችው ጎረቤት ተቀብለው ጡቷ ላይ አደረጉት፤ ሕፃን ሲጠባ ማህፀን ይኮማተራልና። ይህን እያደረጉ “ልጄን ወደ ኤክስቴንሽኗ ላኩ፣ ለአምቡላንሱ ደውሉ፣ ቃሬዛውን አውርዱ” አሉ። ባሏ ገበያ ነው፤ አልጠበቁትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በየቦታው በምናያቸው አጫጭር የጤና ድራማዎች ውስጥ ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ አማት ናት። ክፉ፣ ግትር፣ ኋላ ቀር ተደርጋ ትሣላለች፤ ተመልካቹ ይስቃል፤ በመጨረሻ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው መጥቶ ሁሉንም ያስተካክላል። ይህ ትልቅ በደል ነው፣ ሥራችንንም ያበላሻል። አማት የሆነች ሴት ያንን ካየች በኋላ ስብሰባችን ላይ ለምን ትመጣለች? እዚያች ቤት ውስጥ ሁለቱን ሰዓት የምታዝዘው ግን እሷው ናት። ሥልጣን ያለውን ሰው አዋርዶ ሥልጣኑን ለበጎ እንዲያውለው መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ በተረካችን ውስጥ ጀግናዋ አማቷ ትሁን። ቀድማ ያየች፣ ቀድማ የነካች፣ ቀድማ የላከች። ነጭ ጋውን የለበሰው የሚመጣው እሷ ሥራዋን ከሠራች በኋላ ነው። እንዲህ ሲተረክ ሰምተው ቀና የሚሉ እናቶችን አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ምራታቸውን ይዘው የሚመጡትም እነሱ ናቸው።

ሰዓቱን በምን እንለካ? የግድግዳ ሰዓት በሌለበት ቤት “በ30 ደቂቃ ውስጥ” ማለት ትርጉም የለውም። ቡናው ግን አለ። አቦል ላይ ደሙ ጀመረ፣ ቶና ላይ ጠማት፣ በረካ ላይ መልስ አቆመች። ታሪኩን ቡናው እየተቀዳ ከተረካችሁት የሁለት ሰዓት እጥረት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማስረዳት ሳያስፈልገው ይገባዋል። አቦሉ ሳያልቅ ካልተላከ እንደሚረፍድ ራሳቸው ይናገራሉ።

የደሙ መጠንስ? በታንዛኒያ፣ ኪጎማ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል። የዚያ አገር ሴቶች ካንጋ የሚሉት የታወቀ ጨርቅ አላቸው፣ መጠኑም ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ተመራማሪዎቹ ሁለት ካንጋ ሙሉ በሙሉ ከራሰ ደሙ ከ500 ሚሊ ሊትር ትንሽ እንደሚያልፍ አረጋገጡ፤ ይህ መጠን ደግሞ እኛም የምንጠቀምበት የአደጋ ድንበር ነው። ከዚያ ወዲያ የልምድ አዋላጆቹ ሚሊ ሊትር ማወቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሁለት ካንጋ ከራሰ አደጋ ነው። ይህን ሰምታችሁ ግን ሮጣችሁ “ሁለት ነጠላ” እንዳትሉ። ነጠላ ስስ አለው፣ ወፍራም አለው። የእኛን ቤት ጨርቅ በውኃ ለክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የምርቃት ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ እነሆ።

“ተረክ ጥሩ ነው፣ ግን ሞት ይቀንሳል ወይ?” የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። በሕንድ፣ በጃርካንድና በኦሪሳ ግዛቶች ኤክጁት የተባለ ድርጅት በነባር ሕዝቦች መንደሮች የሴቶች ስብሰባ አቋቋመ። ስብሰባዎቹ በተረክና በጨዋታ የተሞሉ ነበሩ። አንዱ ጨዋታ “ግን ለምን?” የሚል ነው። አንድ የሞት ታሪክ ይተረካል፣ ከዚያ እየተቀባበሉ ምክንያቱን ወደ ኋላ ይቆፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ስብሰባው ካልነበረባቸው ቦታዎች በ32 ከመቶ ያነሰ ሆኗል። በ2013 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሰባት ተመሳሳይ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ23 ከመቶ፣ የእናቶች ሞት በ37 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ይህን መንገድ መክሯል። እርግጥ እነዚህ ስብሰባዎች ተረክ ብቻ አልነበሩም፤ ገንዘብ ማጠራቀምም፣ መጓጓዣ ማዘጋጀትም ነበረባቸው። ነገሩም እዚያ ላይ ነው።

“ግን ለምን?”ን ወደ እኛ ጎጥ አምጡት። ሞተች። ለምን? ደም ፈሰሳት። ግን ለምን ዘገየች? ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ አልነበረም። ግን ለምን? ገበያ ሄደው ነበር። ግን ለምን ሴቶቹ ከሌላ ጎጥ አላስጠሩም? ባሏ ሳይፈቅድ ማን ይደፍራል? እዚህ ሲደርስ ስብሰባው ራሱ መላ ማውጣት ይጀምራል። ባልየው ፈቃዱን በስምንተኛው ወር ላይ፣ በሽማግሌ ፊት አስቀድሞ ይስጥ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያወጣው እድር፣ ሰው ሳይሞት ቃሬዛ ያውጣ፤ የገበያ ቀን ተረኛ ሸካሚዎች ይመደቡ። ይህን በመመሪያ አውርዳችሁት ቢሆን ኖሮ ፋይል ውስጥ ይቀር ነበር።

መንቀጥቀጡ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የእርግዝና ደም ግፊት ከፍ ብሎ የምትንቀጠቀጥ እናት በብዙ ቤት በልክፍት ተይዛለች ትባላለች፣ ወደ ጸበልም ትወሰዳለች። እዚህ ላይ እምነትን የሚነካ ተረክ ይዞ የሚገባ ባለሙያ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። በኤች አይ ቪው ዘመን ያየነው ምሳሌ አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ያንን አንድ የጤና መኮንን ቢናገረው ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ስለዚህ የመንቀጥቀጡን ተረክ የንስሐ አባት ይተርኩት። በእሳቸው ታሪክ ውስጥ ራሷን ፈልጧት፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት፣ ፊቷ አብጦ የነበረች ሴት አለች። ስትንቀጠቀጥ ቄሱ ጸበሉን በፕላስቲክ ይዘው አምቡላንሱ ውስጥ አብረዋት ይገባሉ። መንገድ ላይ ይረጯታል፣ ይጸልያሉ፤ ሆስፒታል ስትደርስ ማግኒዥየም ሰልፌቱን ትወጋለች። ማንም ምንም አልተነጠቀም፣ ሰዓቱም አልባከነም። ሙስሊም በሆነው ጎጥ ደግሞ ይህን ድርሻ የሚይዙት ሼኩ ናቸው፤ ታሪኩን በራሳቸው መንገድ እንዲሠሩት ተዉላቸው።

ይህ አካሄድ የገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ዶክተር ኦላጂዴ ዊሊያምስ የተባሉ የነርቭ ሐኪም ስትሮክ ያጠቃቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሆስፒታል ዘግይተው እየደረሱ እንደሆነ አይተው ምልክቶቹን በሂፕ ሆፕ ሙዚቃና በካርቱን ለልጆች አስተማሩ፤ ልጆቹ ቤት ገብተው ለወላጆቻቸው እንዲያወሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናታቸው 22 ትምህርት ቤቶችን የሸፈነ ነው፤ ከተማሩት መካከል አራት ልጆች በእውነተኛ አጋጣሚ ምልክቱን አውቀው ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ደውለዋል። የእኛ ሰው ሂፕ ሆፕ አያስፈልገው ይሆናል። የአሠራሩ ሐሳብ ግን ያው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ማን ይደመጣል፣ በምን ዜማ ይደመጣል ብሎ ጠይቆ መጀመር።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሳ። የሞት ታሪክ ስትጠይቁ ሐዘንተኛው እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከስብሰባው በፊት ቤቱ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ታሪኩን ወደ ሌላ ጎጥ ስትወስዱት ስሙንና ቦታውን ቀይሩ። ሁለተኛው፣ የማይመጣ አምቡላንስ በተረክ ውስጥ አታስገቡ። በክረምት መንገዱ የሚቆረጥበት ቀበሌ ከሆነ የዚያ ቀበሌ ተረክ ቃሬዛና የእናቶች ማቆያ ያለበት ይሁን፤ ዓለሜ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው አጠገብ ካለው ማቆያ ገብታ ትጠብቅ። ሰው አምኗችሁ ደውሎ ማንም ካላነሳለት በሚቀጥለው ታሪክ ማንም አያምናችሁም፤ ስህተቱ ደግሞ የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ የተነሳውን የመንገድ፣ የአምቡላንስና የስልክ ችግር በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ሰብሳቢዋና የእድሩ ዳኛ ይፈርሙበት፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገቡት፣ አንዱን ቅጂ ቀበሌው ዘንድ አስቀሩ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባውን የምትከፍቱት መልስ መጥቶ እንደሆነ በመንገር ነው፤ ካልመጣም አልመጣም ብላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማንሳት ትችላላችሁ።